የወልደ ሰንበት መውረጃ

ባሌ ወልደ ሰንበት ከተቀበረ ወዲህ ሰው ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» ይለኛል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ደግ አልነበረም። እልኸኛ ነበር፤ እልሁም መጀመሪያ ራሱን በላ፣ ቀጥሎ እኔን።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ሞጣ ልዳር ስል ሙሽራው ጀልባ ነጂ ነው ቢሉኝ ሳቅሁ፤ ደጋ ላይ ምን ጀልባ አለ? በኋላ ገባኝ። ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ፣ ሞተር ጀልባ መንዳት ተምሮ የመጣ ነው። ልጃችንን ክርስትና ካነሳው ከአበልጃችን ከቢያድግልኝ ጋር አንድ ጀልባ ገዝተው አባይ በረሃ አወረዱ፤ በጋ በጋውን ገበያተኛ ሊያሻግሩበት።

ጠባቸው የተነሳው ጀልባዋ የት ትቁም በሚለው ነው። ባሌ ውሃው ከቋጥኝ ጀርባ ተጠማዞ የሚተኛበትን ጥግ መረጠ።

«ጀልባ የረጋ ውሃ ይወዳል» አለ። «ጣና ያየሁት ይሄንን ነው።»

ቢያድግልኝ ከፍ ብሎ ውሃው ዳሩን እያጠበ የሚሮጥበትን አለታማ ቦታ አሳየው። «ጣና ሐይቅ ነው፣ ይሄ ወንዝ ነው። ውሃ ሲሮጥ አፈሩን ይሸከማል፣ ሲያርፍ ያራግፈዋል። እዚህ ዳሩን በድንጋይ ብንክበው፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አዙረን ብናስራት፣ ጀልባዋ ተጠግታ ትቆማለች። ጥልቀቱም አይጎድልም።»

አልተስማሙም። ጀልባዋን ባሌ ወሰደ። ቢያድግልኝ ሌላ ገዛና ድንጋዩን ካበ።

በዓመቱ የባሌ መውረጃ በአሸዋ ተሞላ። ክረምት ባለፈ ቁጥር አካፋ ይዞ ይወርዳል፣ እኔንም ይዞኝ ይወርዳል። ወገቤ የተቆረጠው እዚያ ነው። «የሱ ካብ ነው ውሃውን ገፍቶ አሸዋ የሚልክብኝ» ይላል። ሽማግሌ ቢላክ አልታረቅም አለ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «ብሞት እንዳይቀብረኝ፤ የሱንም ድንጋይ አልረግጥም» ብሎ ማለ። ቢያድግልኝም «ቢሞት አልቀብረውም» ሲል መለሰ። እሱም የዋህ አልነበረም።

አንድ ክረምት አባይ ሞልቶ የቢያድግልኝን ካብ ጠራርጎ ወሰደው። ባሌ ጮቤ ረገጠ። መስከረም ጠብቶ ወርደን ስናይ ግን አሸዋው ከወትሮው ብሷል።

«ካቡ የለም» አልሁት። «ታዲያ ይሄን ማን ላከው?»

አካፋውን ወረወረ። «አንቺም የሱ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ማዕድ አልበላንም። ቢያድግልኝ ድንጋዩን መልሶ ካበ።

ባለፈው ጥር የባሌ ጀልባ አሸዋ ላይ ተቀርቅራ ቀረች። ማዶ ዘመድ ሊጠይቅ ፈልጎ፣ ቢያድግልኝ ጀልባ ላይ ላለመሳፈር ሲል በመኪና በባሕር ዳር ድልድይ ዞሮ ሄደ። እዚያው ታሞ አረፈ። ዘመዶቹ ደወሉልኝ፤ ሬሳው በመኪና እስኪዞር እንዳይሸት ብለው ወንዙ ዳር አውርደውታል።

ቢያድግልኝ ዘንድ ሄድሁ። አበልጄ ማለት ከተውሁ ቆይቻለሁ።

«ባሌ ማዶ ሞቷል። አምጣልኝ።»

«የሱ ጀልባ የት ሄደች?»

«አሸዋ ላይ ናት፤ እያየሃት።»

ሞተሩን አስነሳ። ሰው ይዘን ተሻገርን፣ ሬሳውን ከነቃሬዛው ጫንነው። ስንመለስ ወደ ባሌ መውረጃ እንጠጋ ብንል የጀልባዋ ሆድ ገና ከሩቁ አሸዋ ነካ። ወደ ድንጋዩ ዞርን።

ቢያድግልኝ ገመዱን ይዞ ዘሎ ወረደ። ቃሬዛውን ሊቀበልም አንድ እጁን ዘረጋ።

«ገመዱን ይዘህ ቁም» አልሁት። «እሱን አትንካ።»

እጁን ሰበሰበ። «አሸዋው ከኔ እንዳልነበረ አውቆ ነው የሞተው?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«አንቺም የሱ ነሽ አለኝ።»

ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። «አልቀብረውም» አለ።

«ማን ጠራህ?»

ወንዶቹ ቃሬዛውን አንስተው ወጡ፣ እኔም ተከተልሁ። ከውሃው ዳር እስከ አቀበቱ ድንጋዩ ደረቅ ነበር። ማንም አልተንሸራተተም፤ እግሬን አሸዋ አልነካውም። ያን ሁሉ ዓመት አካፋ ተሸክሜ የወረድሁት ለምን ነበር? እዚያው ድንጋዩ ላይ ቆሜ ጮኼ አለቀስሁ። ሰው ለባሏ አዝና ነው አለ። እኔ ያለቀስሁት በንዴት ነው።