የአባቴ ሙሾ በስፒከር

አርባ ምንጭ ላይ ስለ ሂፕ ሆፕ የማስተርስ ጽሑፍ ልሠራ ነው ስል፣ ጨንቻ ያለው አባቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ስትጨርሺ ማን ይቀጥርሻል?” ከድሆች ሰፈር ተነሥቶ ዓለምን ስላዳረሰ ጥበብ፣ ሰሚ ያጣ ወጣት በየአገሩ በራሱ ቋንቋ ስለሚናገርበት መድረክ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። ከሽመናው ቀና ሳይል ሰማኝና “ጥሩ ነው” አለ። እንዲህ ያለው “ጥሩ ነው” በጣም ያናድደኛል።

እኔ የፈለግሁት ድምፁን ነበር። አባቴ ሙሾ አውራጅ ነው። የሟቹን ሥራ በጋሞኛ እዚያው እየገጠመ ያወርደዋል፣ ለቀስተኛው ይቀበለዋል። ከዚህ በላይ ምን ራፕ አለ? አንድ ሙሉ ምዕራፍ አስቤለት ነበር። “እባክህ ልቅዳህ” ስለው እጁን ከመወርወሪያው አነሣ።

“ሙሾ ሟች ሳይኖር አይወርድም። ሞት ልጥራልሽ?”

እልኸኛ ነኝ። አጎቴ ሲቀበር በስልኬ የቀዳሁት የአባቴ ሙሾ ነበረኝ። ለጽሑፌ ቃለ መጠይቅ ላደረግሁላት አንዲት የአርባ ምንጭ ራፐር ሰጠኋት። ቢት ሠራችበት፣ የራሷንም ግጥም ጨመረችበት። አባቴ ሲሰማው ደስ ይለዋል ብዬ ጨንቻ ወጣሁና ግቢያችን ውስጥ በትልቅ ስፒከር ለቀቅሁት።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጮኸ ገባ። አባቴ በገዛ ግቢው ሙሾ እያወረደ ከሆነ የሞተችው እናቴ መሆን አለባት ብለው ነው! እናቴ ከእንሰቱ ጓሮ ጎመን ይዛ ስትወጣ ደጃፏ ላይ ይለቀስላታል። “ኧረ አለሁ!” ብትልም አንዷ ጎረቤታችን አንገቷን አቅፋ ማልቀሷን አላቆመችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ቁጣውን ስጠብቅ አባቴ፣ “እስቲ ቀስ አድርገሽ ድገሚው” አለኝ። የሚያዳምጠው የራሱን ድምፅ አልነበረም።

“ይቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው?”

ወንድሟ ነው። ለስደት ወጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። መርዶው በስልክ መጣ፤ አስከሬኑ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም። እናቷ እንዳትታመም ተብሎ ቤት ውስጥ ስሙን የሚያነሣ የለም። ይህን ሁሉ አውቄ፣ “ማኅበራዊ ጭብጥ” የሚል ርእስ ሰጥቼ ጽፌዋለሁ። ለቅሶ ግን አልደረስኳትም። ለአባቴ ስነግረው አፈርኩ።

በማግስቱ ጋቢውን ለብሶ አብሮኝ አርባ ምንጭ ወረደ። ልጅቷ የተከራየችው ክፍል ገብቶ ፍራሿ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የወንድሟን ስም ጠየቃት፤ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ምን ያስቀው እንደነበር ጠየቃት። አባያ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር፣ ሲዋሽ ሳቁ ያመልጠው ነበር አለችው። ከዚያ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ስልክሽን አስቀምጪው” አለኝና ጀመረ። ስሙን እየጠራ፣ መረቡንና ሳቁን እያነሣ አወረደለት። እኔ ተቀበልኩት። ምዕራፌ ያለዚያ ድምፅ ቀረ፤ አልቆጨኝም።

ሲያበቃ ልጅቷ እጁን ይዛ ታለቅስ ነበር።

“አባባ፣” አለችው፣ “ስሙን አንዴ ይድገሙልኝ።”