ወገቧን ዝገት የበላት መኪና

እናቴ የማለችው ዓርብ ቀን ነው፣ ከጁምዓ በኋላ። አባቴ እንደ ልማዱ መኪናዋን አጥቦ፣ የግራውን በር ከፍቶ ቆሞ ይጠብቃታል። መኪናዋ መሬት ልትነካ ምንም የማይቀራት ዝቅ ያለች ናት። እናቴም እንደ ልማዷ መጀመሪያ ዞራ ተቀመጠች፣ ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ ሰብስባ አስገባች። ገና በሩ ሳይዘጋ ከሥር ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማና ወንበሩ ከነእናቴ ወደ ጎን ዘመመ። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ሮጬ ደርሼ እጇን ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ወላሂ! ሁለተኛ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም!" ብላ ወደ ቤት ገባች። አባቴ በሩን እንደያዘ ቀረ።

እናቴ እንደኔ አፏ ላይ የመጣላትን የምትናገር ሴት አይደለችም። እኔ በቀን አሥሬ ወላሂ እላለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። እሷ ስትምል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። መሐላ በከፋራ፣ ድሃ በማብላት እንደሚፈታ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ማን ደፍሮ "መሐላሽን ፍቺ" ይበላት? አባቴ እንኳን ሊላት ቀርቶ ቀና ብሎ ሊያያትም አልቻለም።

ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። አረንጓዴ ናት፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ መሪዋ በቀኝ፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ። ለሽቅድምድም የተሠራች ናት ይላል አባቴ። ሐርጌሳ ውስጥ እሷን የምትመስል አንድም የለችም። አካሏ ቆርቆሮ ሳይሆን ፋይበር ነው። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ፣ "ይቺ አትዝግም!" ይላል። እውነቱን ነው፣ ፋይበር አይዝግም። ፋይበሩን የተሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው። ይሄንን ወይ ረስቶታል፣ ወይ እያወቀ እንዳላወቀ ሆኗል።

እሱ እንግሊዝ አገር ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ እኔና እናቴ ድሬዳዋ ነበርን። አማርኛዬም ጸባዬም የድሬ ነው። በስንት ጊዜ አንዴ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ ከልብሱ ጋር መኪናዋን ተደግፎ የተነሣውን ፎቶ። አንድ ቀን ተናድጄ፣ "ልጅ ያለው ሰው ባለ ሁለት ወንበር መኪና ይገዛል እንዴ?" አልኩት። "አንዱ የእናትሽ ነው፣ ሰው ሳላስቀምጥበት ባዶውን ነው የምነዳው" አለኝ። "እኔስ?" ስለው፣ "አንቺ ጭኗ ላይ ትቀመጫለሽ ብዬ ነበር፣ አደግሽብኝ" አለ። አሁንም ሳስበው ያስቀኛልም ያናድደኛልም።

አገር ሲረጋጋ እኛ ከድሬ፣ እሱም ከነመኪናው በበርበራ በኩል ሐርጌሳ ገባን። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከሰዓት የነሱ ነው። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ያለው ቤታችን በልጅ ልጅና በእንግዳ ጢም ያለ ስለሆነ እናቴና አባቴ ቤት ውስጥ ከ"ጨው አቀብዪኝ" በላይ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። መኪናዋ ውስጥ ግን ያወራሉ። የበርበራን መንገድ ይዘው ይወጣሉ፣ የሆነ ቦታ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ፣ ለመግሪብ ሶላት ይመለሳሉ። እናቴ ስትመለስ ፊቷ ላይ ሳቅ አለ። ምን እንዳወሩ ብትጠይቋት አትናገርም። ተለያይተው የኖሩትን ዓመት እንደዚያ ነው የሚያካክሱት።

ከመሐላው በኋላ ይሄ ሁሉ ቀረ። አባቴ ፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ መኪናዋ አጠገብ ይቀመጣል። ምሳ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይገፋዋል። እናቴ ውስጥ ሆና ወገቧ ላይ ትኩስ ውሃ ትይዛለች። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ሲብስብኝ ጊዜ፣ "አቦ በቃ! እኔ አሠራታለሁ!" ብዬ ተነሣሁ።

መካኒክ ጠፍቶ አይደለም። ግን ሁሉም ቶዮታ ነው የለመዱት፣ ይቺን ሲያዩ ይስቁና ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ የጭነት መኪና የሚበይድ አንድ ሐበሻ አለ ተባልኩ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ከሾፌሮች ጋር ወደ በርበራ ሲመላለስ ቆይቶ እዚሁ የቀረ። በአማርኛ ሳናግረው ፊቱ በራ። መሣሪያውን ይዞ ተከተለኝ።

ቤት ደርሶ መኪናዋን በክሪክ አነሣና ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። እግሩ ብቻ ነው የሚታየን። ትንሽ ቆይቶ ከዚያ ሆኖ ጮኸ።

"ኧረ የሷ ነገር አልቋል! ወገቧ ተበልቷል! አርጅታለች ፋዘር፣ ቢተዋት ይሻላል!"

ጋራዥ ውስጥ መኪና ሁሉ "እሷ" ናት፣ መሃል ሻንሲዋም ወገቧ ነው። አባቴ ይሄን ከየት ይወቀው? አማርኛው ድሬዳዋ ሲመጣ ሲመጣ ከሰፈር የለቃቀመው ግማሽ አማርኛ ነው። "ወገቧ"ን ሰማ፣ "አርጅታለች"ን ሰማ፣ "ቢተዋት"ን ሰማ። ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። "ስለ ሚስቴ ወገብ ማን ነገረው? እኔ ነኝ ሚስቴን የምተዋት?" እያለ በሶማልኛ ይጮህብኛል። ከዘራውን አንሥቶ ወደሚታየው እግር ሲሄድ እኔ በሳቅ ልሞት ደርሻለሁ፣ ላስረዳው ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ። አማርኛ አንድ ቃል የማያመልጣት እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ተወው፣ ልጁ እውነቱን ነው!" አለችና መስኮቱን ዘጋችው። ከዚያን ቀን ወዲያ ማታ ማታ፣ "ወገባችን እንዴት ዋለ?" ብላ መጠየቅ ጀመረች። የራሷን ይሁን የመኪናዋን አትነግረንም።

ሳቄ በርዶልኝ ነገሩን ለአባቴ ሳስረዳው ከዘራውን ጣለ፣ ብየዳ ሠሪውም ወጥቶ አሳየን። ከመሃሉ ብረት ወደ ጎንና ጎን የሚዘረጉ ክንዶች አሉ፣ ባዶ አራት ማዕዘን ቱቦዎች። ወንበሩም፣ የወንበሩ ቀበቶም የሚታሠረው እነሱ ላይ ነው። በላያቸው ጥቁር ቀለም አለ፣ ደህና ይመስላሉ። ካቻቢቴውን ግራው ክንድ ላይ ጫን ሲያደርገው ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ገባ። ሲያወጣው ቡናማ ዱቄት ረገፈ። የቀኙ ክንድ ግን፣ የአባቴ በኩል ያለው፣ ጤነኛ ነው።

"ለምን ግራው ብቻ?" አልኩት።

በሩን ከፍቶ ዙሪያውን ያለውን ጎማ አሳየኝ፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ምንጣፉን ሲገልጠው ሥሩ ርጥብ ነው። "የሚገባው ውሃ ነው። መውጫ የለውም፣ ቱቦው ውስጥ ይተኛል። ማን ነው በውሃ ጎማ የሚያጥባት?"

በቦቴ በሚመጣ ውሃ መኪና ይታጠባል እንዴ ብዬ ከአባቴ ጋር ስንት ዓርብ ተጣልቻለሁ። አሁን ግን የልጁን ቃል ለአባቴ የተረጎምኩለት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ግድግዳው ላይ የተጠቀለለውን የውሃ ጎማ አየው። ከዚያ፣ "ለሷ ብዬ እኮ ነው የማጥባት" አለ።

ብየዳው ተጀመረ። ፋይበር እሳት አይወድም፣ ስለዚህ ልጁ ጆንያ በውሃ ነክሮ ዙሪያውን ሸፈነ። እንደዚያም ሆኖ ጭስና ክርፋቱ ሰፈሩን አዳረሰ። በተበላው ብረት ላይ ወፍራም ላሜራ ደርቦ በየደ፣ ጥቁር ቀለም ቀባው፣ ወንበሩን መልሶ አሠረ። አባቴ ገብቶ ተቀመጠ፣ ዘለለ፣ ተንጎራደደበት ማለት ይቀላል። አልተነቃነቀም። እንደ ልጅ እየሳቀ እናቴን ጥሩልኝ አለ።

እናቴ መጣች። መኪናዋን ሳይሆን ልጁን ነው ያየችው።

"አንተ፣ እናትህ በሕይወት አለች?" አለችው። ድሬ ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ሁሉም አንተ ነው።

"አለች ማዘር። ኮምቦልቻ ናት።"

"እሷን እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጠህ በርበራ ድረስ ትነዳለህ?"

ልጁ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ጠረገ፣ ጠረገ። እኔ በልቤ፣ በል እንጂ፣ አዎ በላት፣ ምን ይጎልብሃል እላለሁ። አባቴ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል።

"አልነዳም" አለ።

ይሄኛው ለአባቴ ያለ አስተርጓሚ ገባው። እናቴ ተመልሳ ገባች።

ያኔ እኔ ነበልባል ሆንኩ። "ታዲያ ምን ስትሠራ ከረምክ አንተ? ቀለም ልትቀባልን ነው የመጣኸው?"

"ለጭነት የምሠራውን ነው የሠራሁት እህቴ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ጭነት መኪና እንደዚህ ደርበንበት ሲሚንቶ ይሸከማል። ግን የበሰበሰው እዚያው ሥሩ አለ። ነገ ላሜራውንም ይበላዋል። ማዘር ባይጠይቁኝ እሄድ ነበር። አሁን ግን ቦዲውን አንሥቼ እንደገና ልሥራው፣ ሰው ፈልጉልኝ።"

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እንደዚያ እውነት የተናገረን ሰው ምን ብዬ ልስደበው? ሻይ አመጣሁለት።

ቦዲውን የያዙት ቡሎኖች ዝገው ከሻንሲው ጋር አንድ ሆነው ነበር። ዘይት እያጠጣ፣ እየጠበቀ፣ የማይወጣውን እየቆረጠ ፈታቸው። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አባቴ ከመስጊድ የሚወጡትን ወንዶች ይዞ መጣ። ዙሪያውን ያዙና "ቢስሚላህ!" ብለው ሲያነሡት ቦዲው ብድግ! በጣም ቀላል ከመሆኑ የተነሣ ሁሉም ደንግጠው ሳቁ፣ አንዱ፣ "ሐጂ፣ ካርቶን ነው እንዴ ስትነዳ የኖርከው?" አለው። ባረጁ ጎማዎች ላይ አስቀመጡት። ሥሩ የቀረው ብረት ደግሞ ያሳዝናል፣ ቀጭን፣ ቡናማ፣ ጭቃ የተለጠፈበት። አባቴ ራቁቷን ያያት ይመስል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ልጁ የግራውን ክንዶች ከሥራቸው ቆርጦ ጣላቸው። ከጤነኛው ከቀኙ በካርቶን ልክ ወሰደ፣ ካርቶኑን ገልብጦ ለግራው አደረገው፣ አዲስ ቱቦ በዚያ ልክ ቆርጦ በየደ። ውሃ መውጫ ቀዳዳ አበጀላቸው፣ ውስጣቸውን ዘይት አጠጣቸው። የበሩንም ጎማ ቀየረ። አባቴ ካርቶኑን እየያዘለት አጠገቡ ዋለ። ከልጁ "በርታ" የሚለውን ቃል ተማረና መድረሻ አሳጣን። ለልጁም በርታ፣ ሻይ ላመጣሁት ለኔም በርታ፣ ለድመቷም በርታ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳህኑን ሲጨርስ ያየሁት ያን ሰሞን ነው።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ ዓርብ ነበር። አባቴ ከጁምዓ ተመልሶ መኪናዋን በርጥብ ጨርቅ ብቻ ወለወላት። የግራውን በር ከፈተ። እናቴን ግን አልጠራትም። "በአላህ ስም የማለችውን ሰው፣ ነይ ግቢ አልላትም" አለኝ በሹክሹክታ። "መኪናዋ ዳነች፣ ይበቃኛል።" አይበቃውም። ድምፁ ይናገራል።

ብየዳ ሠሪው መሣሪያውን እየሰበሰበ ነበር። እናቴ ለዓርብ የምትለብሰውን ነጠላ ጣል አድርጋ ወጣች። ልጁ የሚጠየቅ መስሎት ቀጥ ብሎ ቆመ። ምንም አልጠየቀችውም። ዞረች፣ ተቀመጠች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ ሰብስባ አስገባች። ድምፅ የለም።

አባቴ ደነገጠ። "መሐላሽስ?"

"ከፋራውን ካወጣሁ ቆየሁ" አለችው። "በማልኩ በማግሥቱ ነው ዋሄን ገበያ ሄጄ ተሸካሚዎቹን ሩዝና ሥጋ ያበላሁት።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ብነግርህማ ወንበሩን በሽቦ አሥረህ ታስቀምጠኝ ነበር!"

አባቴ በሩን እንደያዘ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እኔም አለቀስኩ፣ ብየዳ ሠሪውም ካቻቢቴ የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ። እናቴ ብቻ ናት ቀጥ ብላ ወደ ፊት እያየች ቀበቶዋን የምታሥረው።

"አንተ" አለችው፣ "ትነዳለህ ወይስ ታለቅሳለህ?"