ሃያ ሁለተኛው ቫልቭ

ሞላሌ ላይ ውኃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ላይ ሰፈር ዛሬ ካገኘ ታች ሰፈር ከነገ ወዲያ። ተራውን የሚያዞረው ዓምደሚካኤል ነው። ረጅም የብረት ቁልፍ እንደ ጦር ተሸክሞ፣ መሬት ውስጥ የተቀበሩትን ቫልቮች ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል። ሃያ ሁለት ናቸው። የት የት እንዳሉ ወረቀት ላይ የለም፤ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ወረቀትስ ምን ያደርጋል? እኔ ፊደል ሳልቆጥር ከዘመሮ እስከ ጓሳ ያለውን በግ በየጌታው ስም እጠራ ነበር። አንዴማ የጠፋ ሙክት በሳሉ ብቻ ለይቼ... ይቅር፣ እሱን ከጀመርኩ ቀኑም አይበቃን።

ዓምደሚካኤል ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፤ ልቡ ግን መናኸሪያ ነው የሚያድረው። ሾፌር ባገኘ ቁጥር፣ «ጂንካ ይበርዳል? መቱስ ዝናቡ እንዴት ነው?» ነው ወሬው። ከአልጋው በላይ የለጠፈው ካርታ ጣቱ ሲመላለስበት ቀለሙ ለቋል። ሞላሌን ካነሡበት፣ «ጉምና ጭቃ!» ብሎ ይተዋታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ጻፈ። በአሥራ ሁለተኛው አርባ ምንጭ ያለ የውኃ መሥሪያ ቤት ተቀበለው። እስከ ሰኞ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል ደብዳቤው። ለሰኞ ለመድረስ ደግሞ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሚነሣው አውቶብስ መሄድ አለበት።

ደብዳቤውን አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ደስታውን ጠበቀ፤ አልመጣም። ኀዘንም አልመጣም። ውርጭ የመታው እጅ ቢቆነጥጡት አይሰማው የለ፣ እንደዚያ ነው የሆነ።

ዓርብ ለት ርክክብ ሆነ። ልትተካው የመጣችው ረዳቱ ሰብሊ ትባላለች፤ ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ ደብተሯ ከእጇ የማይለይ ልጅ።

«እንግዲህ ጻፊ» አላት ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆሞ። «ይሄን ባንዴ እንዳትከፍቺው። ግማሽ ዙር፣ ከዚያ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፣ ከዚያ ቀሪውን። አለዚያ ታች ያለው ቧንቧ ይፈነዳል።»

«አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ልጻፍ፣ ጋሼ? በስልኬ ሰዓት ብይዝስ?»

«ጻፊ። የስልክሽ ባትሪ ያልቃል፣ ጸሎት አያልቅም።»

እንዲህ እያላት ዞሩ። አራስ ቤት ተራ አይጠብቅም፤ አጥር ላይ ጨርቅ ከተሰጣ መክፈት ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ካየሽ ሳትጠየቂ ክፈቺ፤ ጉሮሮው የደረቀ ለቀስተኛ አያለቅስም። ኪዳነምሕረት ስትነግሥ፣ ሳምንት ሲቀረው ላይ ሰፈር ይቀድማል፤ ጠላው የሚጠመቀው እዚያ ነው።

«ይሄ ሁሉ ደንብ የት ተጽፏል?»

«የትም።»

ከአፉ ሲወጣ ነው እሱም የሰማው። ይህን ያህል ማወቁን አያውቅም ነበር።

ከቀትር በኋላ ሁለቱ ከእማማ ጥሩሸዋ ደጅ ደረሱ። እዚያ ደጅ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ሃያ ሁለተኛው ቫልቭ ከሥሩ ነው። እማማ ጥሩሸዋ ደግሞ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ፀሐይ የሚሞቁት እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። (ባናስ የእኔ ነበር! ዝናብ ቢያድርበት ጠብ አይል፤ የዛሬው ወንፊት ነው።) ጉልበታቸው ታሟል። በሦስት ቀን አንዴ ዓምደሚካኤል ክንዳቸውን ይዞ ያስነሣቸዋል፣ ይከፍታል፣ መልሶ ያስቀምጣቸዋል። ምርቃታቸው ስድብ ነው።

«ሄድክ አሉ፣ አንተ እግረ ቀላል!»

«ነገ ነው፣ እማማ።»

«እዚያ አገር ውኃው ለብ ያለ ነው አሉ። ገላህን ትታጠብ ይሆናል።»

ሰብሊ ሣቀች። አሮጊቷ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ለኳትና፣ «ይቺ በምን ክንዷ ነው እኔን የምታስነሣ?» አሉ።

ዓምደሚካኤል ቁልፉን ከትከሻው ወደ ትከሻው አዛወረ። ቫልቩን ለሰብሊ ለማሳየት «ይነሡ» ማለት ነበረበት። አላለም፤ አለፈ።

መሸት ሲል ሰብሊ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ቆጠረች። «ጋሼ፣ ሃያ አንድ ሆነ። ሃያ ሁለት አላሉኝም?»

«አንድ ቀርቷል።»

«ታዲያ መቼ? መኪናዎ ጎሕ ሲቀድ እኮ ነው።»

«ነገ አሳይሻለሁ» አላት። ልጅቷ ሃያ ሁለት ብላ ጻፈችና አጠገቡን ባዶ ተወችው።

ቅዳሜ ጉሙ ከተማዋን ዋጣት። አውቶብሱ ጡሩምባውን ሦስቴ ነፋ። ዓምደሚካኤል ሻንጣውን አጠገቡ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ድምፁ ወፍጮ ቤቱን ዞረ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዘ፣ ድልድዩ ጋ ሣሣ፣ ጠፋ። ምንም ሳያይ እያንዳንዷን ቦታ ዐወቃት። አርባ ምንጭንም እንዲህ የሚያውቅ ሰው ይኖራል፤ እሱ ግን አይደለም።

ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። ጉሙ ሲገፈፍ እማማ ጥሩሸዋ ድንጋያቸው ላይ ነበሩ፤ ሰብሊም ደብተሯን ይዛ ደረሰች።

«ይነሡ፣ እማማ።»

«አልሄድክም እንዴ፣ አንተ ጉድ?»

«የእርስዎ ሰፈር ተራ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ልሂድ ልሂድ ስትል ከርመህ፣ ለኔ ጀሪካን ብለህ ቀረህ?»

ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸው። ድንጋዩን ገለል አደረገ፣ ቁልፉን ሰክቶ ግማሽ ዙር አዞረ፣ ጸሎቱን ደገመ፣ ቀሪውን አዞረ። ውኃው ከታች ሲያልፍ ብረቱ ተንቀጠቀጠ። መዳፉ ላይ ትንሽ ተሰማው። እጁን ሳያነሣ ቆየ።

«ጻፊ» አላት።