ዘግይቶ የሚነቃው ቱርቦ

ጋሽ ጆሮ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። የታመመ መኪና ሲመጣለት ከሹፌሩ ጋር ወሬ አይጀምርም። ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ሹፌሩ በዚህ ጊዜ ሐኪም ፊት ልብሱን እንዳወለቀ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ሲገልጥ «ዘይት ከቀየርክ ስንት ጊዜህ ነው?» ይላል እንጂ የሰማውን አይናገርም። ቢዋሹት እንኳ አይከራከርም፤ መፍቻውን ያነሣና ሥራውን ይጀምራል።

ሙያውን የለመደው በጭነት መኪኖች ጋራዥ ነበር። ከመኪና አካል ሁሉ ልቡ የገባው ቱርቦ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ዝም ብሎ ሜዳ ላይ ከሚባክን አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ ማራገቢያዋ ደግሞ አየር እየጠቀጠቀች ለሞተሩ መልሳ ታጎርሰዋለች። ሞተሩ በበላ ቁጥር ይበረታል። «ይሄን ነገር የፈጠረው ስስታም መሆን አለበት፤ ጭስ እንኳ አላባከነም» እያለ ይስቅ ነበር።

የራሱን ጋራዥ ሲከፍት ግን የመጡለት የጭነት መኪና ሹፌሮች ብቻ አልነበሩም። ፍጥነት የጠማቸው ጎረምሶች በሩ ላይ ተሰለፉ። «ትልቅ ቱርቦ ግጠምልኝ» ይሉታል፤ ይገጥማል፤ እያፏጩ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ መኪኖች ከወራት በኋላ በሌላ መኪና ጀርባ ተጭነው፣ እንደ ወረቀት ተጨማደው ተመለሱለት። አንዱን ሊፈታ ሲገባ የሹፌሩን መነጽር ከፔዳሎቹ ሥር አገኘው፤ አልተሰበረም። መጥቶ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ለጎረምሳ ቱርቦ አሳድጎ አልገጠመም፤ ቢለምኑትም ቢቆጡትም አሻፈረኝ አለ።

ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያደገችው በጎማና በዘይት ቆርቆሮ መካከል ነው። መንዳት ያስተማራት እሱ ራሱ ነበር፤ ሲያስተምር ደግሞ ቀልድ አያውቅም። «ሰው ስትቀድሚ የሚገድለው ግማሽ ልብ ነው» ይላት ነበር። «መንገዱ ባዶ መሆኑን አይተሽ ከወጣሽ በኋላ አታመንቺ። እስከ ወለሉ ርገጪና ጨርሺ።» ቃሉን እንደ ጸሎት ይዛዋለች። አሁን የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ አግብታለች። ያገባችው ደግሞ፣ የፈሩት አይቀርም እንዲሉ፣ የፍጥነት ፍቅር ያናወዘውን ሰው ነው።

ጋሽ ጆሮ አማቹን «ሙሽራው» እያለ ይጠራዋል፤ ከተጋቡ ሁለት ዓመት ቢያልፍም ስሙን አላሻሻለለትም። ሙሽራው የሕንፃ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ ሲወጣና ቀስ ብሎ ሲወርድ የሚውል ሰው ከሥራ ሲወጣ መብረር ቢያምረው አይፈረድበትም። ባለ ሁለት በር ቀይ መኪና አለው፤ ከሚስቱ ቀጥሎ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከእሷ ቀድሞ፣ የሚያስበው ስለ መኪናው ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። አማቱን ያከብራል፣ ሚስቱን ይወዳል፣ ሲስቅ ቤቱ ይሞላል። ጋሽ ጆሮም ይወደዋል፤ ልጁ ከጎኑ ተቀምጣ ስትሄድ ግን መኪናው እስኪርቅ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

አንድ ቅዳሜ ሙሽራው ሁለት ካርቶን ታቅፎ ጋራዥ መጣ።

«አባባ፣ ዕቃ ሻጩ ሁለቱንም ሰጥቶኛል። አንዱን አስቀርተን ሌላውን እንመልሳለን። የሚመርጡልኝ እርስዎ ነዎት» አለ።

«ያለው ቱርቦ ምን አደረገህ?»

«ትንሽ ሆነብኛ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አልሰማህም?»

«እንቁላሉም ቱርቦ ቢገጠምለት ይበር ነበር አባባ!»

ጋሽ ጆሮ ሳይወድ ሳቀ። «እንቢ» ሊል ነበር፤ ግን ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ጋራዥ ማንንም እንደማይመልስ ያውቃል። እዚያ ከሄደ ቱርቦውን ገጥመው፣ የነዳጁን መጠን ሳይለኩ፣ ፍሬኑን ሳያዩ «ሂድ ብረር» ይሉታል። ስለዚህ እጁን በጨርቅ ጠራረገና ካርቶኖቹን ከፈተ።

አንደኛው መካከለኛ ነበር። ማራገቢያውን በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ሳያንገራግር ዞረ። ለዚያ ሞተር የተሠራ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ገና ነዳጅ ሲሰጡት ይነቃል፣ እግር ሲያነሡለት ይተኛል። ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ መልኩ ያስፈራል። እሱን ለመቀስቀስ ብዙ ጭስ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ እሪ እስኪል ድረስ ዝም ይላል፣ ከዚያ ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ያወርደዋል።

«እኔ መካከለኛውን ነው ያሰብኩት» አለ ሙሽራው። «ለከተማ ቶሎ የሚነቃው ይሻላል የሚል አንብቤያለሁ።»

«የት ነው ያነበብከው?»

«ኢንተርኔት ላይ።»

«ኢንተርኔቱ ጋራዥ አለው?»

ሙሽራው አፈረ። የተናገረው ግን እውነት ነበር፤ ጋሽ ጆሮም እውነት መሆኑን ያውቃል። ተንኮሉ የመጣለት በዚህች ቅጽበት ነው። በዚህ ከተማ፣ በየመቶ ሜትሩ መብራትና ጉብታ ባለበት፣ ትልቁን ቱርቦ ለመቀስቀስ የሚበቃ መንገድ ከየት ይገኛል? ትልቁ ከተገጠመ መኪናው ከመጣበትም ይሰንፋል። ሙሽራው የትልቁን ቱርቦ ስም ይዞ ይዞራል፣ ፍጥነቱን ግን አያገኘውም። ወር ሁለት ወር ይሞክረዋል፣ ይሰለቸዋል፣ ልጄም በሰላም ትኖራለች። መድኃኒት ብሎ የእንቅልፍ ክኒን እንደ መስጠት ነው። ጋሽ ጆሮ በራሱ ብልጠት ተደሰተ፤ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«እንደ አንተ ያለ ነጂ በልጅ ዕቃ አይጫወትም። ትልቁን ነው የምገጥምልህ» አለ።

ሙሽራው ፊቱ በራ። «እርስዎ ካሉ አለቀ!»

ይህቺ «እርስዎ ካሉ» የምትል ቃል ትንሽ ወጋችው። ሆኖም መፍቻውን አነሣ። ሥራውን አጥብቆ ሠራ፤ የዘይት ቱቦውን አደሰ፣ ነዳጁን ለካ፣ ፍሬኑን ቀየረ። ከምርጫው በቀር የሚነቀፍ ነገር አልነበረበትም።

ነገሩ እንዳሰበውም ሆነለት። ሙሽራው በሳምንቱ መጣና ጆሮውን እያከከ «አባባ፣ ሲረግጡት ትንሽ አያስብም?» አለ።

«ትልቅ ነገር ቶሎ አይነሣም። ይለምድሃል።»

ሙሽራው «ልክ ነው» ብሎ ሄደ። ሰው ያመነውን አይጠረጥርም። ጋሽ ጆሮ በሩ ላይ ቆሞ፣ መኪናው እንደ ወፍራም ሰው እያለከለከ ወደ መብራቱ ሲያዘግም እያየ ለብቻው ፈገግ አለ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ፈገግታ ነው።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የቀዩን መኪና ድምፅ ከሁለተኛው መታጠፊያ ሰማና ለሙሽራው የሚሆን ቀልድ አዘጋጅቶ ወጣ። ከመኪናው የወረደችው ግን ልጁ ናት፤ ነጭ የሥራ ካፖርቷን ክንዷ ላይ ጥላለች።

«ባልሽስ?»

«እሱ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ነው የሚሄደው። አዛወሩኝ እኮ አባዬ፤ ከከተማ ውጭ ያለው ጤና ጣቢያ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ መኪናዋን እኔ ነኝ የምይዛት።»

ጋሽ ጆሮ መንገዱን ያውቀዋል። ሁለት መኪና ብቻ ጎን ለጎን የሚያስተላልፍ፣ ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖች የሚያዘግሙበት ነው። መብራት የለበትም፤ ጉብታም የለበትም።

«ቆይ ግን፣ ምን ነክቷታል?» አለች ልጁ ኮፈኑን እየመታች። «ድሮ ስረግጣት ትሄድልኝ ነበር። አሁን ረግጬ ረግጬ ዝም። ተስፋ ስቆርጥ ደግሞ ከኋላዬ እንደተገፈተርኩ ትወረወራለች። ታስቃለች!»

ጋሽ ጆሮ አልሳቀም። ሲመርጥ የሙሽራውን እግር ብቻ ነበር ያሰበው። ሌላ እግር እዚያ ፔዳል ላይ እንደሚያርፍ፣ ያውም እሱ ራሱ «አታመንቺ» ብሎ ያስተማረው እግር፣ ለአፍታ እንኳ በሐሳቡ አልመጣም። 

«ከባድ መኪና እንዳትቀድሚ። ከኋላው ቀስ ብለሽ ሂጂ።»

«ጤና ጣቢያው እስኪዘጋ?»

«ስሚኝ እንጂ! ወይም መኪናዋን ዛሬ እዚሁ ተያት።»

«ነገ በምን ልሂድ? ይልቅ አንተ ድካም ድካም አለህ፤ ፊትህ አመድ መስሏል።» ጉንጩን ስማው ሄደች። እሱ ጆሮውን አቁሞ ድምፁን እስከ መጨረሻው መታጠፊያ ተከተለ። ሞተሩ ዝም፣ ዝም፣ ዝም አለ፤ ከዚያ አንዴ ጮኸ።

ለዕቃ ሻጩ ደወለ። መካከለኛው ተሸጧል፤ ሌላ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የድሮውን ትንሹን መልሶ መግጠም ይችል ነበር፤ ያ ግን ምክንያት ይፈልጋል። ስልኩን ይዞ ብዙ ካመነታ በኋላ ለሙሽራው ደወለ።

«ስማ፣ ልጅቷ መኪናዋን ለጊዜው ባትነዳት።»

«ምነው አባባ፣ ችግር አለው እንዴ?»

እነሆ ጥያቄው በግልጽ መጣ። እውነቱን መናገር ሦስት ቃል ነው፤ «አታልዬሃለሁ፣ አምጣው፣ እቀይረዋለሁ»። ነገር ግን ያ ሁሉ ዘመን የተገነባ ስም፣ «እርስዎ ካሉ አለቀ» የሚለው አማች፣ ሲሰሙ የሚስቁት የሰፈር መካኒኮች በዓይኑ ላይ ተደረደሩበት። 

«ችግርስ የለውም። አዲስ ዕቃ ስለሆነ አንዴ ላየው ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ቅዳሜ ራሴ አመጣዋለሁ።»

«ቅዳሜ ጥሩ ነው» አለና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሥራ አልያዝለት አለ። የሰው መኪና ላይ ካቻቢቴውን አስደግፎ ያዳምጣል፤ የሚሰማው ግን የዚያን መኪና ዝምታ ነው። አምላኩን ቅዳሜን እንዲያፈጥንለት ለመነ። እሱ ራሱ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ልጁ ቤት አልሄደም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሙሽራው ነው፤ የሆስፒታሉን ስም ብቻ ደጋገመ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ጋሽ ጆሮ ግን የፈራውን በገዛ እጁ ብሎን አጥብቆ የገጠመ ሰው ነው።

ልጁ አልሞተችም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማታ ሲያስገቡት በጀርባዋ ተኝታለች፤ ብርድ ልብሱ በግራ በኩል ከጉልበቷ በታች ባዶ ሆኖ ተዘርግቷል። ሙሽራው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ እጇን ይዟል። ጋሽ ጆሮን ሲያይ ተነሣና ወንበሩን ለቀቀለት።

«ጥፋቱ የኔ ነው አባባ» አለ እያለቀሰ። «እርስዎ ምርጡን መርጠው ገጠሙልኝ፤ እኔ ነኝ አያያዙን ያላወቅሁበት። መስጠትም አልነበረብኝም።»

ልጁ ዓይኗን ገለጠች። ድምፅዋ ቀጭን ነው።

«አባዬ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ንገረኝ። ከሲሚንቶው መኪና ኋላ ነበርኩ። መንገዱ ባዶ መሆኑን አይቼ ወጣሁ። እንዳልከኝ እስከ ወለሉ ረገጥኩ። አልሄደም እኮ። አውቶቡስ ከፊቴ መጣ። ልመለስ ብዬ መሪውን ስጠመዝዝ፣ ያኔ ተወረወረ። ለምንድን ነው ስረግጠው ያልሄደው?»

ጋሽ ጆሮ መልስ አላጣም። ዕድሜውን ሁሉ ሰዎች የጠየቁት እንዲህ ያለውን ነው። ሙሽራውም ሊሰማ ቀና አለ። አንድ ቃል ቢዋሽ ሁለቱም ያምኑት ነበር፤ ዘይቱ ነው ቢል፣ ነዳጁ ነው ቢል ይበቃ ነበር። የሙሽራውን ያበጠ ዓይን ሲያይ ግን አልቻለም።

«ለዚያ ሞተር ስለማይሆን ነው» አለ። «መካከለኛው ነበር የሚሆነው። ትልቁን የመረጥኩት እንዳይሠራ ብዬ ነው። ከተማ ውስጥ አይነቃም ብዬ፤ ባልሽ ፍጥነቱን እንዳያገኘው፣ አንቺ እንዳትጎጂብኝ ብዬ።»

ሙሽራው እንደ ቀልድ ሊያየው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

ልጁ ጣሪያውን እያየች ጠየቀች። «ጋራዥ የመጣሁ ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እሱ 'ችግር አለው ወይ' ብሎ ሲጠይቅህስ?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ።»

 ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ለባሏ «በሩን ክፈትለት» አለችው።

ሙሽራው ሄዶ በሩን ከፈተ። «አባባ» አላለውም። እጀታውን እንደያዘ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሽማግሌው እስኪወጣ ድረስ ጠበቀ።