ደምሴን ያስለቀሰው እንጉርጉሮ

«ጓዛችሁን ጫኑ» የተባልነው በጃንሆይ ዘመን፣ ሐረር ጦር ሰፈር ሳለን ነው። ወደ ኦጋዴን ወረድን። የእኛ መቶ ጦር የያዘው ጉብታ ራሰ በራ ነው፤ ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ።

እኔና ደምሴ በአንድ ምሽግ ነበርን። ሐረር፣ ሸዋ በር አብረን ያደግን፣ ከአንድ ሳህን የበላን ነን።

አንድ አመሻሽ ላይ ዩሱፍ የሚባል የጀጎል፣ የሐረር ግንብ ውስጥ ልጅ ባዶ ጀሪካን እየመታ በእናቱ ቋንቋ ማንጎራጎር ጀመረ። የሕፃን ማባበያ ነው። እኔ የሰማሁት የጀሪካን ጩኸት ብቻ ነው። ዞር ስል ደምሴ እንባው ይወርዳል።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«እኔ እንጃ።»

ዩሱፍ መምታቱን ተወ። «አቦ፣ የኛን ቤት ጡት ጠብተሃል እንዴ?» ብሎ ቀለደበት።

ደምሴ አልሳቀም። «እናቴ በአራስነቷ ሞታ ያጠቡኝ አንዲት የጀጎል እናት ናቸው» አለ።

«ወላሂ? እንግዲያማ ወንድሜ ነህ!»

ከዚያ ወዲያ ደምሴ ዩሱፍ ምሽግ ማደር ጀመረ። እኔ ዕድሜ ልኬን ያልሰማሁትን የጡት ነገር ያ ጀሪካን መቺ በአንድ ቀን ሰማ። አንጀቴ አረረ።

ቁስል የሚያክመውን ድሬሰር «ጆሮዬን እየኝማ፤ የዩሱፍ ዜማ እኔን ለምን ምንም አይለኝም?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ጆሮህ ጤነኛ ነው። ዜማ ጆሮ ላይ አያልቅም፤ አንጎል ይቀበልና ሰውየው ከኖረው ኑሮ ጋር ያጣብቀዋል። ደምሴ ያን ዜማ ከወተት ጋር ነው የጠጣው። ያንተ አንጎል ከምን ጋር ያጣብቀው?»

«ታዲያ ሌላ ዜማ ይዝፈንልን!»

«ለቅናት መድኃኒት አልያዝኩም» ብሎኝ ሄደ።

በማግስቱ ንጋት ላይ የጠላት የመድፍ ጥይት ወረደብን። መትረየሳችን አልተኩስም አለ። ጉብታውን ለቀቅን፤ መልሰን ያዝን። ረፋዱ ላይ ደምሴ ሆዱን ተመታ። እኔና ዩሱፍ እኩል ደረስን። ኮዳዬን ከአፉ ላስጠጋ ስል ድሬሰሩ ከለከለኝ፤ ሆዱን የተመታ ውሃ አይሰጠውም። ደምሴ ፊቱን ወደ ዩሱፍ አዞረ።

«በል እንጂ፣ ያቺን።»

ዩሱፍ ለስለስ አድርጎ አንጎራጎረለት። እኔ የደምሴን እግር ይዤ ተቀመጥኩ። የተጨማደደ ፊቱ ተፈታ። በዚያው አለፈ።

ጉብታው ላይ አምስት ሰው ቀበርን፤ ደምሴ አንዱ ነው። ዩሱፍ ተርፎ አገሩ ገባ። እናንተ ልጆች «አሁንም ትቀናለህ?» ትሉኛላችሁ። አዎን፣ እቀናለሁ። ከልጅነት እስከ ጉብታው አልተለየሁትም፤ በመጨረሻ ያሻው ግን የኔ ድምፅ አልነበረም።