የታሸገው መስኮት

ባለቤቴ ከኮሪያ ዘመቻ ሲመለስ እጁም እግሩም ደህና ስለነበር፣ እልል ብዬ ተቀብዬ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሳሉን ልብ ያልሁት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ በኋላ ከፒያሳ እስከ ቤታችን፣ እስከ ዶሮ ማነቂያ፣ ያቺን አጭር መንገድ ሲመጣ ሦስት ጊዜ መቆም ጀመረ። ሰው እንዳያውቅበት የሱቅ ዕቃ የሚያይ ይመስላል። “ሰፈሩ ዶሮ ያንቃል ብለውኝ፣ የሚያንቀው ለካ እኔን ነው” እያለ ይቀልዳል። እኔ ግን ሳቄ አይመጣም ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ጠረጠረ። አንዷማ ስኒ ለየችብን። ራጅ ተነሥቶ ነቀርሳ አይደለም ሲባል፣ ወረቀቱን ይዤ እሷ ቤት ሁለት ጊዜ ሄድሁ።

ነቀርሳ ካልሆነ እንግዲህ ብርድ ነው አልሁ። በእኛ ዘንድ ብርድ የማያመጣው በሽታ የለም። እሱም ስለ ኮሪያ የነገረኝ በረዶውን ብቻ ነበር፤ ውሃ በኮዳ ውስጥ ድንጋይ ይሆን ነበር ይለኛል። ያንን ብርድ ከአጥንቱ ላስወጣ ተነሣሁ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፍሁ፣ በላዩ ጋዜጣ በሊጥ ለጠፍሁ። የከሰል ምድጃውን ከራስጌው አኖርሁ። ፌጦ አጠጣሁት፣ ነጭ ሽንኩርት አስበላሁት። እሱ ግን ባሰበት። ጋደም ማለት አቅቶት ግድግዳ ተደግፎ ያድር ጀመር። እኔም ሌላ ጨርቅ ፈልጌ ወተፍሁ። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጦር ሜዳ የተረፈው ባሌ እቤቴ ውስጥ እንዳይሞትብኝ።

ሰኔ ሲገባ ሐኪም ቤት ቁስል የሚያሽገውን፣ መርፌ የሚወጋውን የሰፈራችንን ድሬሰር መጥቶ እንዲያየው ለመንሁት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ገና ደጃፉን ሲያልፍ እሱም ሳለ። ደረቱን አዳምጦ ሲያበቃ ስለ ኮሪያ ጠየቀው። ባለቤቴም ለኔ ያልነገረኝን ለሱ ነገረው፤ ክረምቱን ሙሉ ምሽግ ውስጥ የጋዝ ምድጃ ከበው መክረማቸውን፣ መግቢያውን በብርድ ልብስ መዝጋታቸውን፣ ጠዋት ሲነሡ ከአፍንጫቸው ጥላሸት ይወጣ እንደነበር። ድሬሰሩ ዞር ብሎ መስኮቱን አየ። እኔ ደግሞ ሊያሞግሰኝ መስሎኝ፣ በዚያ በኩል ትንኝ እንኳ እንደማታልፍ ነገርሁት።

“እትዬ” አለኝ ዝግ ብሎ፣ “ብርዱ እዚያው ኮሪያ ቀርቷል። ከሳቸው ጋራ የመጣው ጭሱ ነው። እርስዎ ደግሞ እየጨመሩላቸው ነው።”

ደሜ ፈላ። ልሟገተው አፌን ስከፍት ባለቤቴን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። ያውቅ ኖሯል። እራት ሲያልቅ “ግቢውን ልይ” ብሎ እየወጣ የሚቆየው ለካ ሊተነፍስ ነው። ለምን አልነገርኸኝም አልሁት።

“ስትወትፊ አይሻለሁ” አለኝ። “በዕድሜዬ እንዲህ የሳሳልኝ ሰው የለም። እንዴት ብዬ ተይ ልበልሽ?”

ተነሥቼ ጋዜጣውን ቀደድሁ፣ ጨርቁን መዘዝሁ። ድሬሰሩ ምድጃውን አንሥቶ ደጅ አወጣልኝ፤ ባለበት እግዜር ይስጠው።

ሳሉ ከዚያም በኋላ አልለቀቀውም፤ ዳገት እንደፈራ ኖረ። ግን ኖረ፤ ልጆቹን ለመዳር በቃ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይለምናል? ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ድሬሰሩ በመጣ ማግስት ያለውን እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን ዘርግቶ ተኝቶ አገኘሁት። ነፋሱ ቤቱን ሞልቶታል። ጋቢ ደርቤ አጠገቡ ቁጭ አልሁና፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥሁ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ተመስገን አልሁ።