የእቃቃው ጉድጓድ

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሰባት ይሁን ስምንት እናቴም እርግጠኛ አልነበረችም። ነገሩን ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ከመዋዕለ ሕፃናቷ ላመጣት ብሄድ፣ አሸዋ መሃል ተቀምጣ በቆርቆሮ ክዳን «ወጥ» ስትሠራ አገኘኋት። አጠገቤ የቆመች አንዲት እናት፣ ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ውለው ፊደሉን መቼ ሊቆጥሩ ነው እያለች መምህሯን ትሞግታለች። የእኔ ልብ ግን ወደ ጣሊያን ዘመን ነጎደ።

የምንኖረው ከቡታጅራ ከፍ ብሎ ተራራው ሥር ነበር። ከታች ጣሊያን መንገድ ያሠራል፤ የመኪናው ድምፅ ጧት ጧት በጉሙ ውስጥ አልፎ፣ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማናል። አንድ ቀን ወታደሮች መጥተው የጎረቤታችንን ቤት አቃጠሉ። ታናሽ ወንድሜ ወልዴ፣ የአራት ዓመት ልጅ፣ ደጃፍ ቆሞ አየ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። ይበላል፣ ይተኛል፣ እጄን ይዞ ይሄዳል፤ መናገር ብቻ ቀረ።

እናቴ መላው ጠፋት። የእንሰቱ ሥራ እንዳለቀ ሩቅ አገር ጠበል ልትወስደው፣ አፉ እስኪፈታም እዚያው ዘመድ ዘንድ ልትተወው ቆረጠች። መንገዱ ደግሞ ወታደር የሞላበት ነው። እጁን አልለቅም ብዬ ለራሴ ማልኩ፤ የሰባት ዓመት ልጅ መሐላ ማን ይሰማል?

ወሩ ኅዳር ነበር። ሴቶቹ በደቦ እንሰት ይፍቃሉ፤ ያ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ዛሬም በእንቅልፌ ይመጣብኛል። አክስቴ ሽታዬ ወገቧን ስለሚያማት መፋቅ አትችልም፤ እግር ሥር እንዳንገባ እኛን ልጆቹን ትይዛለች። ታዲያ እንደ ሌላው ሰው ዝም ብላችሁ ተቀመጡ አትልም። ለእያንዳንዳችን ቁራጭ ኮባ ትሰጠናለች፣ ጭቃ ታቦካልናለች፣ ትንንሽ ጉድጓድ አስቆፍራ «ቆጮ» ታስቀብረናለች። ስንት ቅጠል እንደሚነጠፍ እንቆጥራለን፤ ተራችንን እንጠብቃለን፤ ስንጣላ ራሳችን እንድንስማማ ትተወናለች። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። መቁጠርም፣ ሰው እስኪጨርስ መጠበቅም የለመድኩት እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው።

ሴቶቹ ሽታዬ ሕፃን ሆነች እያሉ ይስቁባታል። እናቴ ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን የምትፍቅበትን ቀርከሃ እንደያዘች መጣች።

«ሽታዬ፣ ልጄ ዱዳ ሆኖ ሊቀርብኝ ነው፤ አንቺ ጭቃ ታስጨብጪዋለሽ?»

አክስቴ ቀና እንኳ አላለችም። «እስቲ እጁ ይጫወት። አፉንማ እኔም አንቺም ለምነነው እምቢ ብሎናል።»

እናቴ ከንፈሯን መጥጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ጭቃዬን ጠቅልዬ ቀበርኩ፤ ኮባ አለበስኩትና እጄን አራግፌ ተነሣሁ። ቆጮ እንዲብላላ ሲቀበር ከላይ ድንጋይ ይጫናል፤ አለዚያ ነፋስ ገብቶ ይበላሻል። ይህን እኛ አገር የማያውቅ ልጅ የለም። እኔ ረሳሁት።

ወልዴ ጉድጓዱን አየ። እኔን አየ። ግንባሩ ተቋጠረ።

«ድንጋዩስ?» አለ።

እልል ልል አፌን ስከፍት አክስቴ ጉልበቴን ጫን አደረገችኝ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «እውነትህን ነው፤ የትኛው ይሁን?» አለችው።

«ትልቁ። ይበላሻል እኮ፤ ከዚያ ምን እንበላለን?» ብሎ ድንጋዩን በሆዱ አቅፎ እየተንገዳገደ አመጣ። ከወዲያ የእናቴ ቀርከሃ ድምፅ ቆመ።

መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ለዚያች እናት ይህን ሁሉ ልነግራት ነበር። ረጅም ሆነብኝና ተውኩት፤ ጎንበስ ብዬ የአሸዋውን ወጥ ቀመስኩ፤ ጨው አንሶታል አልኩ፤ ልጅቱም ጨመረችበት።

የጠበሉ መንገድ ቀረ። ወልዴ በተናገረ ማግስት እናቴ፣ ቆጮ እየተቆነጠረ በሚበላበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ አንድ እፍኝ እውነተኛ ቆጮ ይዛ መጣች። ተንበርክካ የወልዴን ድንጋይ አነሣች፤ ጭቃውን አወጣች፤ አዲስ ኮባ አንጥፋ ቆጮውን ቀበረች። ከዚያ ድንጋዩን እንዲጭንበት ለልጇ ሰጠችው።